ክዳኑን ወደ መስኮት የወሰዱት ጠበቃ

ቀለም ቀማሚው ሊፈታው የተነሣው ችግር ሲናገሩት አጭር ነበር፦ እርጥብ ቀለምና የደረቀ ቀለም አንድ አለመሆናቸው የሚገባው ጠበቃ ማግኘት። ጠበቃማ ሞልቷል። በየሕንፃው መግቢያ ስማቸው በናስ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ፣ ከጥርስ ሐኪሙና ከመነጽር ሻጩ ስም ጋር ተደርድሮ ይታያል። ዓይን ያለው ጠበቃ ግን፣ እሱ እንደሚለው፣ በፋና ተፈልጎም አይገኝም። ቀማሚው ደግሞ ዓይን የሌለውን ሰው ይንቃል። ንቀቱን ለመደበቅ ሞክሮም አያውቅም፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ግራ ዘንበል ትላለች፤ ያን ጊዜ ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው፣ አለቃም ይሁን ዘበኛ፣ ዋጋው እንደተቆረጠለት ይገባዋል። ይህች ከንፈር በኋላ ብዙ ጣጣ ስለምታመጣ ከአሁኑ ልብ እንበላት።

ጠበቃ ያስፈለገው ሃያ አንድ ዓመት ከሠራበት የቀለም ፋብሪካ ስለተሰናበተ ነው። የስንብት ደብዳቤው ሁለት ምክንያት ይዟል። አንደኛ፣ "በከባድ ቸልተኝነት ምርት አበላሽቷል"። ሁለተኛ፣ "የበላዮቹን ዘልፎ የዲሲፕሊን ስብሰባ ረግጦ ወጥቷል"። ደብዳቤውን ይዞ ሌሎች ሁለት ፋብሪካዎች ሄዶ ነበር። ሁለቱም ጋ "ቸልተኝነት" የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን በቀስታ አጥፈው መለሱለት። ቀለም ቀማሚን ቸልተኛ ማለት ሾፌርን ዕውር እንደማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁልፍ የሚሰጠው የለም። ስለዚህ የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ያቺ ቃል እንድትሰረዝለትና ወደ በርሜሉ እንዲመለስ። ወደ ሥራ መመለስን ለሚጠይቅ ሠራተኛ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ደግሞ ሦስት ወር ነው። ካለፈ በሩ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ሥራውን ማስረዳት ይገባል። ሳይገባን ብናልፈው የቀረው ነገር ጭጋግ ይሆንብናል፤ ደግሞም ሥራው ራሱ ደስ የሚል ነው። የግድግዳ ቀለም መጀመሪያ ነጭ ነው። ሰው በሚያክል በርሜል ውስጥ ማሽን ያማስለዋል። ቀማሚው ከላይ ቆሞ ከትንንሽ ቆርቆሮዎች ወፍራም ማቅለሚያ ጠብ ያደርጋል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ አንዳንዴም ማንም የማይጠረጥረው ትንሽ ጥቁር። ጠብ ያደርግና ያያል። "አንድ ጠብታ" ይላል፤ እንደገና ያያል። ሠራተኞቹ ከዚህ የተነሣ "ጠብታ" ብለው ሰየሙት፤ እናቱ ያወጡለት ስም ተረሳ። ትልቁ ምሥጢር ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ይህ ዓይነቱ ቀለም እርጥብ ሳለ ፈዝዞ ይታያል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል። ስለዚህ ጥሩ ቀማሚ የሚያየው በርሜሉ ውስጥ ያለውን ቀለም አይደለም። ነገ ግድግዳው ላይ የሚሆነውን ነው።

ጠብታ ከራሱ ጋር የሚከራከርበት ዘዴም ነበረው። አንድ በርሜል ባለቀ ቁጥር የባልዲ ክዳን ገልብጦ ውስጡን ከዚያ ቀለም ይቀባል፤ በጥላ ያደርቀዋል፤ ጠርዙ ላይ የበርሜሉን ቁጥርና ቀኑን በሚስማር ይጭራል፤ ቤቱ ይወስደዋል። ማንም አላዘዘውም። ከሰባት መቶ በላይ ክዳን አከማችቷል። አልጋ ሥር አለ፣ ቁም ሣጥን ላይ አለ፣ የውሃ ባልዲውን የከደነውም እሱ ነው። የደንብ ልብስ የምትሰፋው ሚስቱ ቤት በጠረገች ቁጥር አንድ ነገር ሳትል አታልፍም።

"ሌላው ወንድ ሚስት ላይ ሚስት ያመጣል፣ አንተ ክዳን ላይ ክዳን!"

"ክዳን አይጨቃጨቅም" ይላታል።

"ሾርባም አይሠራም።"

ጠቡን ያመጣው በርሜል የአንድ አዲስ ሆስፒታል ትእዛዝ ነበር፤ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ስልሳ ባልዲ። ጠብታ ጠዋቱን ሙሉ ቀመመው፤ ክዳኑን ቀባ፤ ረካ። ሠላሳው ባልዲ ከምሳ በፊት ተሞላ። ከምሳ ሲመለስ ሁለት ባዶ የጀሶ ከረጢት በርሜሉ ሥር ወድቆ፣ የውሃው ጎማ ሲያንጠባጥብ አየ። ነጩ ቀለም ስላነሰ አዲሱ የምርት ኃላፊ ስልሳውን ባልዲ ለመሙላት በጀሶና በውሃ አብዝቶታል። ይህ ሰው ከብስኩት ፋብሪካ የመጣ ነው፤ አንገቱ ላይ ክራቫት ሳያስር ስለማይታይ ሠራተኛው "ክራቫት" ይለዋል። ጠብታ ከረጢቶቹን አየ፣ ክራቫትን አየ፣ ከንፈሩ ወደ ግራ ዘንበል አለች። አንድም ቃል ሳይተነፍስ ወደሚቀጥለው በርሜል ሄደ። ከብስኩት ጋጋሪ ጋር ስለ ቀለም መነጋገር ክብሩን ማቃለል መስሎ ታየው። ይህንም ልብ እንበል።

ከአንድ ወር በኋላ ሆስፒታሉ ጮኸ። አንደኛው ፎቅ አረንጓዴ፣ ሁለተኛው ፎቅ የታማሚ ፊት። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ክራቫት "ቀማሚው ቀለሙን በደንብ ሳያማስል ስላስሞላው ነው" አለ። ከዚያም ከአዲስ ባልዲ በጣቱ እርጥብ ቀለም ጠቅሶ፣ በስልኩ ላይ ካለው የግድግዳ ፎቶ ጎን ያዘና "ይኸው፣ ገርጥቷል!" ብሎ ጮኸ።

ጠብታ ሳቀ። የመናቅ ሳቅ ነው፣ ጥርስ የማያሳይ።

"ምን ያስቅሃል?" አለ ክራቫት።

"ጌታዬ፣ በጣትዎ ቀለም ከሚያዩ በእግርዎ ሾርባ ቢቀምሱ ይሻልዎታል።"

ቃለ ጉባኤው ላይ ሳይፈርም ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ሾርባው ቃል በቃል ተጽፎ ቀረ፤ በሦስተኛው ቀን የስንብት ደብዳቤው ደረሰው።

አሁን ወደ ጠበቃ ፍለጋው እንምጣ። ሚስቱ የዚያኑ ዕለት "እኛ የስፌት ሠራተኞች ስንባረር የተከራከሩልን ሴትዮ አሉ" ብላው ነበር። ቢሯቸው የት እንደሆነ ጠየቃት። "ከጎማ ጥገናው በላይ፣ ሰሌዳ የለውም" ስትለው ከንፈሩ ዘንበል አለች፤ ወሬው እዚያው አለቀ። የሚስቱ ወንድም ግን ደላላ ነው፤ ቤት ያከራያል፣ መኪና ያሻሽጣል፣ ሰው ከሰው ያገናኛል። እሱም በማግስቱ እየተቻኮለ መጣ።

"ጋሼ፣ ጠበቃ አግኝቼልሃለሁ! አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት ያለው፣ ፊቱ ወደ ዋናው መንገድ፣ ብርሃን እንደ ጉድ ይገባዋል።"

"ጠበቃ ነው ወይስ አፓርታማ?"

"የሃያ ሁለት ዓመት ልምድ አለው ስልህ!"

ጠብታ ሄደ። በቆዳ የተለበጡ ወንበሮች፣ በመስታወት ቁም ሣጥን የተደረደሩ መጻሕፍት። መጻሕፍቱ ከነላስቲካቸው ነበሩ። ያየ ሰው ይጠረጥራል። ጠብታ አላየም፤ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነበር። እዚህ ላይ ስህተቱን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባል፤ ጠበቃ ለሚቀጥር ሰው ሁሉ ይጠቅማልና። "ሃያ ሁለት ዓመት" ሲባል "ምን ሲሠሩ?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት። የባልዲ ጽሑፍ አንብቦ ቀለም አምኖ የማያውቅ ሰው፣ የበር ጽሑፍ አንብቦ ጠበቃ አመነ።

ባለ ሊፍቱ ጠበቃ ከጠብታ በስድስት ዓመት ቢያንስ ነው። ሆኖም "አባቴ" ይለው ነበር።

"አባቴ፣ ጉዳይ በእጄ ገባ ማለት አለቀ ማለት ነው። ያመጡት ማስረጃ አለ?"

ጠብታ ክዳኑን ከጋዜጣ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጠበቃው የሞተ አይጥ እንደሚያነሣ ሰው በሁለት ጣቱ ያዘው፤ ሳያየው ለጸሐፊዋ አቀበላት። "ኮፒ አድርጊና ከፋይሉ አያይዢው።" ውክልና ተፈረመ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ወር በስልክ አለቀ። "ሰነዱ እየተረቀቀ ነው፣ አባቴ።" "በዚህ ሳምንት፣ አባቴ።" ሦስት ወሩ ሊሞላ ሃያ ቀን ሲቀረው ጠብታ ራሱ ሄደና ረቂቁን ካላየሁ አልነሣም ብሎ ተቀመጠ። ሰጡት። መነጽሩን አድርጎ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ቀለም አነበበው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆመ።

"ይሄ ምን ይላል? 'ከሳሽ በወሊድ ፈቃድ ላይ ሳሉ ከሥራ በመሰናበታቸው'?"

ጠበቃው ጎንበስ ብሎ አየ። "እ... እሱ ከሌላ ፋይል የተወሰደ ነው። ይታረማል፣ አባቴ።"

"አይ፣ አይታረም። ለመሆኑ ምን ተገላገልኩ? ወንድ ነው ሴት?"

ጸሐፊዋ ሳቋን በእጇ ከደነችው። ጠብታ ገጹን ገለጠ። "ማስረጃ አንድ" ከሚለው ሥር የክዳኑ ኮፒ ነበር። ጥቁርና ነጭ። አረንጓዴው ሁሉ ግራጫ ሆኖ፣ ግርዶሽ የያዘው ጨረቃ መስሎ ተቀምጧል።

"ይሄስ?"

"ማስረጃዎ ነው እንጂ።"

"ቀለሙስ የት ሄደ?"

"ማሽናችን ጥቁርና ነጭ ነው የሚያወጣው። ግድ የለም፣ ችሎቱ በግምት ይረዳዋል።"

ሃያ አንድ ዓመት አንድ ጠብታ በዛ አነሰ ብሎ ሲከራከር የኖረ ሰው፣ ቀለሙ "በግምት" ሊታይለት ነው። ጠብታ በዚህች ደቂቃ፣ ሁለት ወር ዘግይቶ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ምን ሲሠሩ ነው የኖሩት?"

"የይዞታና የውርስ ክርክር። በዘርፉ የታወቅሁ ነኝ።"

"የሠራተኛ ክስስ?"

"ሕግ ሕግ ነው፣ አባቴ።"

ከንፈሩ የዚያን ቀን ወደ ግራ ጥግ ደርሳ ተመለሰች። "ክዳኔን አምጡልኝ" አለ።

እዚህ ጋ ነገሩ ተንጫጫ። ጸሐፊዋ መሳቢያ ከፈተች፣ ዘጋች። ፋይል አገላበጠች። በመጨረሻ ፊቷ ቀልቶ ወደ መስኮቱ ሄደችና ትልቁን የአበባ ማሰሮ በሁለት እጇ አቀፈች። ክዳኑ ከሥሩ ነበር።

"ይቅርታ አባባ፣ ውሃው ምንጣፉ ላይ ሲፈስ ጊዜ... ደግሞ ልክክ አለልኝ።"

ጠብታ ክዳኑን አነሣ። መሐሉ ላይ የማሰሮው ቅርጽ በጭቃ ታትሟል፤ ውሃ አቁሯል። ደፋው። በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው። ጭቃው ተጠራርጎ ሲሄድ አረንጓዴው ከሥሩ ወጣ፤ አልተላጠም፣ አላበጠም፣ አልደበዘዘም። ከሃምሳ ቀን በላይ ጠዋት ጠዋት ውሃ ሲወርድበት ቆይቶ ያደረቀው ቀን እንደነበረው ነው። ጠብታ ለትንሽ ጊዜ ንዴቱን ረስቶ በኩራት ተመለከተው። ከዚያ ለጸሐፊዋ ብቻ "ቆይ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም" ብሎ፣ ጠበቃውን በዓይኑም ሳያየው ወጣ። ሊፍቱን አልፈለገም። በማግስቱ ውክልናውን አነሣ።

ቤት ሲደርስ ደላላው አማቹ ተቀምጦ ነበር።

"እንዴት ነው ጋሼ፣ ቢሮው?"

"ብርሃን ይገባዋል። ያው አበባው በደንብ አድጓል።"

ጠብታ ከዚህ በኋላ የሠራው ነገር የሚያስደስት ነው፤ ምክንያቱም ወደ ሙያው ተመለሰ። ጠበቃን እንደ ቀለም ልፈትን አለ። ከክዳኖቹ መካከል ሁለት መረጠ፦ አንዱ የሆስፒታሉ፣ ሌላው በአንድ ጠብታ ቢጫ ብቻ የሚለይ የሌላ ደንበኛ። ጠበቃው ፊት ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ዝም ይላል። የሚያየው የጠበቃውን እጅና ዓይን ነው። የመጀመሪያው ተፈታኝ ሰነድ እንዲይዝበት ፈልጎ ክዳኖቹን ወደ ጎን ገፋቸው። ሁለተኛው "ሳህን ነው የሚሸጡት?" አለ። ሦስተኛዋ "ውይ፣ ቆንጆ ቀለም! ሳሎኔን ላስቀባው ነበር" ብላ የግድግዳዋን ስፋት መናገር ጀመረች። ከሦስቱ ቢሮ በወጣ ቁጥር ከንፈሩን የሚያይ መንገደኛ ጥርሱን የታመመ ሰው ይመስለው ነበር።

አሥራ አራት ቀን ቀረ። ሚስቱ የስፌት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች።

"ከጎማ ጥገናው በላይ ያሉትን ሴትዮ መቼ ነው የምታያቸው?"

"ሰሌዳ እንኳ የላቸውም አልሽ።"

"ባለ ሰሌዳው አዋለደህ አይደል? ተነሥ!"

ተነሣ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ የጎማ ጭስ እስከ ላይ ይከተላል። ቢሮው አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት የማይመሳሰሉ ወንበሮች፣ ከመገለጣቸው ብዛት ጀርባቸው የተሰነጠቀ መጻሕፍት። ጠበቃዋ ስድሳን ያለፉ፣ ፀጉራቸውን አጥብቀው የጎነጎኑ ሴት ናቸው። ጠብታ ሁለቱን ክዳኖች አስቀመጠና ዝም አለ።

ሴትዮዋም ዝም አሉ። ክዳኖቹን አዩ፤ እሱን አዩት። ከዚያ ተነሡና ሁለቱንም ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። በቀን ብርሃን አንዴ ቀና፣ አንዴ ዘንበል አደረጓቸው።

"ይኸኛው ቢጫ ይበዛዋል" አሉ። "እና እየፈተንከኝ ነው? እሺ፣ አለፍኩ?"

ለመጀመሪያ ጊዜ የጠብታ ከንፈር የምትይዘው ጠፋት።

"ስንት ዓመት ሠሩ?" አለ፤ ወዲያው ደግሞ "ምን ሲሠሩ?" ብሎ ጨመረ።

"አሥራ ስምንት። የሠራተኛና የአሠሪ ክርክር ብቻ።"

"ስንቱን ተሸነፉ?"

"ይሄ ደህና ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት ከያዝኳቸው አሥራ አንድ ጉዳዮች አራቱን። ሁለቱን ማሸነፍ ነበረብኝ፤ ደንበኞቼ የደበቁኝ ነገር ነበር።" ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ መለሱ። "ይሄ ክብ የጭቃ ርዝራዥ ምንድነው?"

የአበባውን ታሪክ ነገራቸው። ሳቁ። መሐል ላይ ሳቃቸውን ድንገት አቆሙ።

"ሃምሳ ቀን ውሃ ውስጥ ቆይቶ አልተላጠም?"

"የሆስፒታል ቀለም ነዋ፤ ሊታጠብ የተሠራ።"

"ጀሶና ውሃ የገባበትስ?"

"በሦስት ቀን ያብጣል። በሳምንት ይላጣል።"

"በደንብ ያልተማሰለስ? እነሱ የሚሉት እሱን ነው።"

"ያልተማሰለ ይገረጣል እንጂ አይላጥም።"

ይህች መልስ ጉዳዩን ሁሉ ስለያዘች ቀስ ብለን እንያት። ፋብሪካው "አላማሰለም" ይላል፤ ቀማሚው "ጀሶ ጨመሩበት" ይላል። ለዓይን ሁለቱም ያው የገረጣ ቀለም ናቸው። በዓይን ብቻ ከተፈረደ የአለቃ ቃል ይበልጣል። ውሃ ግን አለቃ አያውቅም፤ አንዱን ይልጣል፣ ሌላውን ይተዋል። ባለ ሊፍቱ ጠበቃ ማሰሮ ሥር የጣለው ነገር፣ ሳያውቀው፣ የክሱ ዋና ማስረጃ ሲሆን ከርሟል።

ጠበቃዋ ወረቀት አወጡ። "የሆስፒታሉ ንብረት ክፍል ያልተከፈተ ባልዲ አስቀርቷል?"

"አስቀርቷል። ባልዲዎቹ በተሞሉበት ተራ ቁጥር አላቸው።"

"እንግዲያው ከምሳ በፊት አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ እንጠይቃለን። የአንድ በርሜል ልጆች ናቸው፤ እኩል ቀን ቀብተን እኩል ውሃ እናጠጣቸዋለን። ያንተ ክዳን ብቻውን አይበቃም፤ ቤትህ የቆየ ነገር ነው፣ 'ራሱ ሠራው' ይሉናል።" ከዚያ ቃለ ጉባኤውን አንሥተው አነበቡ። ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። "የምርት ኃላፊውን... በእግራቸው ሾርባ..."

"ብያለሁ።"

"ችሎት ፊት ቢጠይቁህስ?"

"እደግመዋለሁ።"

ጠበቃዋ ብዕራቸውን ከደኑ። "ስማኝ። ደብዳቤው ሁለት እግር አለው። ቸልተኝነት የሚለውን ውሃው ይቆርጥልናል። ዘለፋ የሚለው ግን ያንተ አፍ ነው፤ እሱን እኔም ውሃም አንቆርጠውም። አሁን የምትደብቀኝን ንገረኝ። ጀሶውን ሲጨምሩ ማን አየ?"

"ሲጨምሩ አላየሁም። ከረጢቱን አየሁ፣ ጎማውን አየሁ።"

"ለማን ተናገርክ?"

ጠብታ ከክዳኑ ላይ የቀረውን ጭቃ በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ።

"ለማንም? የታመመ ሰው የሚተኛበት ግድግዳ ላይ ሊቀባ ነው፤ አንተ ደግሞ ዓይን አለኝ የምትል ሰው ነህ። አይተህ ዝም አልክ?"

"ከዚያ ብስኩት ጋጋሪ ጋር ምን ብዬ ልነጋገር!"

"እሱ ቀለም አያውቅም። አንተ ታውቃለህ። ከሁለታችሁ ማን ይብሳል?"

ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ብሎ የተናገረው ሰው አልነበረም። ሊነሣ ፈለገ። ክዳኑን በእጁ ያዘ። ቢነሣ አሥራ አራት ቀን እንደሚቀረው፣ ከዚያ "ቸልተኛ" ሆኖ እንደሚቀር ያውቃል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ እኚህ ሴት ክዳኑን ወደ መስኮት ወስደውታል። ወደ መስኮት የወሰደን ሰው መናቅ አቃተው። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ውክልናውን ፈረመ።

ከዚህ ወዲያ ሥራው ፈጠነ። ክሱ ጊዜው ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው ገባ፤ ወሊድ የለበትም። የሆስፒታሉ ንብረት ኃላፊ ባለ አሥራ ሁለትና ባለ አርባ ሰባት ቁጥር ባልዲዎችን በፊርማ አስከፈተ፤ ከሁለቱም ተቀድቶ ባልዲዎቹ እንደገና ታሸጉ። ጠብታ ሁለት አዲስ ክዳን በጠበቃዋ ፊት ቀባ፤ ሳምንት ደረቁ። ከዚያ ሁለት የአበባ ማሰሮ ተገዝቶ በጠበቃዋ መስኮት ላይ፣ እያንዳንዱ በአንድ ክዳን ላይ ተቀመጠ። ጠብታ በየማለዳው እየመጣ እኩል ብርጭቆ ውሃ ያጠጣል። ጎማ ጠጋኞቹ ከታች ሆነው ይጠሩታል።

"ጋሽ አትክልተኛ! ዛሬስ አበበ?"

"እናንተን የመሰለ እሾህ ነው የሚያበቅለው!"

ባለ አርባ ሰባቱ በሦስተኛው ቀን አበጠ። በስምንተኛው፣ ማሰሮው ሲነሣ፣ ቀለሙ የተቀቀለ ድንች ልጣጭ መስሎ አብሮት ተነሣ። ባለ አሥራ ሁለቱ ንክች አላለም። የንብረት ኃላፊው ቆሞ አየ፤ ሁለት ባልዲ ይዞ ችሎት ሊመሰክር ቃል ገባ። ጠበቃዋ ማስረጃው በፀሐይ ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ እንዲታይ በጽሑፍ አመለከቱ። ጠብታ ይህን ማመልከቻ ሲያነብ ዓይኑ ረጠበ፤ የጎማው ጭስ ነው አለ።

ችሎቱ የፊታችን ሐሙስ ነው። የቀረው አፉ ነው።

ጠበቃዋ ስለ ዘለፋው ሲጠየቅ የሚለው አጭር መልስ ሰጥተውታል። እሳቸው አልጻፉትም፤ ራሱ ተናግሮት ነው፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሲያጠጣ፣ ጀርባውን ሰጥቶ። እሳቸው "እሱን ነው። ፊትህን አዙረህ በለው" አሉት። ፊቱን አዙሮ ሲለው ግን ከንፈሩ ትመጣለች፤ ከንፈሩ ስትመጣ መልሱ ስድብ ይሆናል። አራት ጊዜ ሞከሩ፤ አራት ጊዜ ጠበቃዋ ጠረጴዛውን መትተው "ተሸነፍን!" አሉ።

ስለዚህ ቤቱም ይለማመዳል። ዛሬ ከሥራ መልስ ሚስቱ የስፌት ሜትሯን ክራቫት አስመስላ አንገቷ ላይ ቋጥራ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆዷን ነፍታ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን ክዳን ነው።

"እህ! አንተ ጠብታ ነህ? ቀለሜን ያበላሸህብኝ?" አለች ድምፅዋን አጎርንና። ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ፊቱ ላይ አወዛወዘች። "ይኸው፣ ገርጥቷል!"

ጠብታ ትንፋሹን ሳበ። "ክቡር ዳኛ..."

"ዳኛ አይደለሁም፣ ክራቫት ነኝ። ፊቴን እያየህ ተናገር።"

"ከረጢቱን ሳይ መናገር ነበረብኝ። ሳልናገር ቀረሁ። የናቅሁት እሱን መስሎኝ ነበር፣ የናቅሁት ግን እዚያ የሚተኛውን ታማሚ..."

ከንፈሩ ወደ ግራ ተንቀሳቀሰች።

"መጣች!" አለች ሚስቱ። "እንደገና።"

ጠብታ ከንፈሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መሐል መለሳት። የቆመበት ቦታ አላማረውም፤ ሚስቱን ከአልጋው ጠርዝ አስነሥቶ መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ በሚያርፍበት አቆማት። ሜትሯን በደንብ ቋጠረላት። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና ከመጀመሪያው ጀመረ።